መሮውና ዲግሪው

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ ነው። የአገሩም ሰው የሚሰጠው መልስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው። ቀን ቀን ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ግን መላእክት መሮውንና መዶሻውን ተቀብለው፥ ሰው በቀን የሠራውን እጥፍ አድርገው ሲሠሩ ያድሩ ነበር ይላል። እኔ በዚህ ትውፊት ላይ ልከራከር አልተነሣሁም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር በውስጡ አለ። መላእክቱ ከሰማይ የወረዱት በወንበር ተቀምጠው ሊያዝዙ አይደለም፤ ድንጋይ ሊፈልጡ ነው። የላስታ ሰው የእጅ ሥራን እስከዚህ ድረስ አክብሮ ለመላእክት የሚገባ ካደረገው፥ እኛ ዲግሪ የያዝን ልጆች መሮ መጨበጥን እንደ ውርደት የምናየው ከማን የተማርነው ልማድ ይሆን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ወደ ላሊበላ በሄድሁ ጊዜ ያገኘሁት አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ አልጽፈውም። ሙያውን የለመደው ከአባቱ ነው። በኋላም ጥንታውያኑ ሕንጻዎች ሲጠገኑ ከውጭ አገር ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ሠርቷል። አንዱን ድንጋይ በመዶሻ ጫፍ አንኳኵቶ፥ ውስጡ ጤነኛ መሆኑንና አለመሆኑን ከድምፁ ይለያል። የትኛው ውኃ እንደሚጠጣ፥ የትኛውስ ፀሐይና ውርጭ ሲፈራረቁበት እንደሚሰነጠቅ ሲናገር ሐኪም ስለ በሽተኛው የሚናገር ይመስላል።

«አያ፥ ታዲያ አሁን ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሥራማ አለ፤ የሌለኝ ወረቀት ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግንባታ ሥራ በአቅራቢያው ሲከፈት፥ ጠራቢዎቹን የሚመራ አለቃ ይፈለግ ስለ ነበር እርሱም አመለከተ። የትምህርት ማስረጃ አምጣ ተባለ። አልነበረውም። ቦታውን ያገኘው ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣ ወጣት ሆነ። «ልጁ ጨዋ ነው፤ አልጠላውም» አለኝ ጠራቢው። «ጧት ጧት ይመጣና ‹አባባ፥ ይህን ድንጋይ እንዴት እናድርገው?› ይለኛል። እነግረዋለሁ። እርሱም በደብተሩ ይጽፈዋል። ወሩ ሲሞላ ግን የእርሱ ደመወዝ የእኔን ሦስት እጥፍ ነው።» ከዚያም ፈገግ ብሎ «የተናገርሁትን መጻፍ ባውቅበት ኖሮ እኔም አለቃ በሆንሁ ነበር» አለ።

ልጁን ሙያውን ያስተምረው እንደሆነ ጠየቅሁት። ልጁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን ነጥብ አላገኘም፤ ከቤትም ተቀምጧል። አባቱ ጥቂት ዝም አለና «እንደ እኔ ወረቀት የሌለው እንዲሆን ነው የማስተምረው?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ። ይህ ሰው የተናገረው ስለ አንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት በአንድ ጠራቢ እጅ ላይ ሊቋረጥ መቃረቡን መናገሩ ነው።

በአገራችን እጅና አእምሮ የተለያዩት ዛሬ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የምትሠራው፥ ቆዳ የሚያለፋው ሁሉ በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! ሆኖም በዚያው አገር ውስጥ ሌላም ልማድ ነበረ። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ጸሓፊ ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ ንባቡን ብቻ ዐውቆ አይቀርም። ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ብርዑን ቀርጾ መሥራትን ይማራል። ሊቁና የእጅ ሠራተኛው አንድ ሰው ነበር ማለት ነው።

ላሊበላም ራሱ የዚህ ምስክር ነው። ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ሰዎች መጀመሪያ ዐለቱን ዙሪያውን ቆፍረው ለዩ፤ ከዚያ ከጣሪያው ጀምረው ወደ ታች ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል ወረዱ። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል። ከዐለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ መስኮቱ፥ ዓምዱ፥ የውኃው መውረጃ ሁሉ አስቀድሞ በአእምሮው ተሥሎ መገኘት ነበረበት። ከላሊበላ በፊት የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ በተራ በተራ ተደርድሮ የታነጸ ነው። ይህን የሠሩት ሰዎች ዛሬ ቢኖሩ «የቴክኒክና ሙያ» እንላቸው ነበር ወይስ «ከፍተኛ ትምህርት»? ጥያቄው ራሱ ያስቃል።

የዘመናዊ ትምህርታችንንም ታሪክ ብናይ ወሰኑ ጸንቶ የቈየበት ጊዜ የለም። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ያሠለጠነው የጤና መኰንኖችን፥ የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችንና ነርሶችን ነበር። እነርሱም በአንድነት ወደ ገጠር እየወጡ ይሠሩ ነበር። ያ ኮሌጅ አድጎ በ1996 ዓ.ም. የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ፥ በእርሻ መሣሪያ፥ በብረታ ብረት፥ በእንጨት ሥራና በኤሌክትሪክ ቴክኒሻኖችን ያወጣ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሁለቱም ዛሬ አገሪቱ የምትኰራባቸው ናቸው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ወደ ላይ ሲያድግ የቴክኒሻኑ ወንበር ማን እንደ ተቀመጠበት መጠየቅ ይገባል።

ያን ወንበር ይሞላሉ የተባሉት በኋላ የተከፈቱት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዐሥረኛ ክፍል ፈተናን እንደ ወንፊት አደረገው። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ወደ መሰናዶ፥ ያላገኘው ወደ ሙያ ሥልጠና እንዲሄድ ተወሰነ። ሐሳቡ ለአገሪቱ ሠራተኛ ማፍራት ነበር፤ ክፉ ሐሳብም አይደለም። ነገር ግን ሙያ የወደቀ ልጅ የሚላክበት ስፍራ ተብሎ ከተቈጠረ፥ ወላጅ ልጁን በደስታ ወደዚያ ይልካል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። ወንፊቱ ያን ስፍራ «የቀረ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ተጣብቆ ቀረ።

ዛሬ የዐሥረኛው ክፍል ፈተና ቀርቷል፤ ወንፊቱ ወደ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተሻግሯል። ቀዳዳውም ጠብቧል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ ወይም ዘጠና ሰባቱ ከወንፊቱ በላይ ቀሩ ማለት ነው። በሰሜን ወሎ ያሉት ልጆች ከዚህ ሌላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ አካባቢያቸው የገባው ጦርነት ትምህርታቸውን ያቋረጠባቸው ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ «ወደ ሙያ ሂዱ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን የሙያው መንገድ የት ድረስ እንደሚያደርስ ሳይነገራቸው ቢሄዱ፥ የሚሄዱት አንገታቸውን ደፍተው ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ አገሮች ወሰኑን ለማፍረስ ሞክረዋል፤ የተከተሉት መንገድ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስም መለወጥ ነው። እንግሊዝ አገር እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1992 ባወጣችው ሕግ ከ30 የሚበልጡ ፖሊቴክኒኮች ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። በአፍሪካም ኬንያ በ2013 ታላላቆቹን ፖሊቴክኒኮቿን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አድርጋለች፤ ጋና በ2016 ይህንኑ ተከትላለች። ይህ ለብዙ ወጣቶች በር ከፍቷል፤ አልክድም። ነገር ግን በየአገሩ የሚሰማው ሥጋት አንድ ነው። የፖሊቴክኒክ አስተማሪ ዩኒቨርሲቲ በገባ ማግሥት ከሥራ ቤቱ ወጥቶ ወደ መጻሕፍቱ ብቻ ያዘነብላል፤ የሥራ ቤቱም ቀስ በቀስ ይዘጋል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ስሙን ትቶ በሩን መክፈት ነው። በጀርመን አገር አንድ ወጣት ሙያ ሲማር ከሳምንቱ ብዙውን ቀን በፋብሪካ ወይም በሥራ ቤት፥ የቀረውን በትምህርት ቤት ያሳልፋል። ሠልጥኖም ሙያውን ከፍ አድርጎ «ማይስተር» የሚባለውን ማዕርግ ሊያገኝ ይችላል። የጀርመን ክፍላተ አገር የትምህርት ሚኒስትሮች በ2009 በወሰኑት መሠረት፥ ይህን ማዕርግ የያዘ ሰው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሳይጠየቅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት መብት አለው። ቧንቧ ሠሪው ወይም አናጢው ከዕለታት አንድ ቀን መሐንዲስ ለመሆን ቢፈልግ፥ እንደ ሕፃን ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምር አይባልም።

ፈረንሳይ ደግሞ በ2002 ባወጣችው ሕግ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። አንድ ሰው በሥራ ያገኘውን ዕውቀት በጽሑፍና በቃል ለአጣሪዎች ጉባኤ ያቀርባል፤ ጉባኤውም መርምሮ ይበቃል ካለ ዲፕሎማውን ይሰጠዋል። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ላሊበላን ጐብኝተው መንግሥታቸው በቅርሱ ጥበቃ እንደሚረዳ ከተናገሩ በኋላ፥ የፈረንሳይ ባለሙያዎች ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር አብረው መሥራት ጀምረዋል። ፈረንሳዊው ጠራቢ በአገሩ በልምዱ ዲፕሎማ ለማግኘት የሚችል ከሆነ፥ ከእርሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚሠራው የላስታ ጠራቢ ለምን አይችልም?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። አንደኛው «መሐይሙን ሁሉ ዲግሪ ካደላችሁት የዲግሪ ክብር ይወርዳል» የሚል ነው። በር መክፈት ግን ዘበኛውን ማባረር አይደለም። ጠራቢው ወደ ላይ ለመውጣት ከፈለገ ሥዕለ ሕንጻ ማንበብን፥ ሒሳብን፥ የድንጋይንና የኖራን ጠባይ በኬሚስትሪ መማር አለበት፤ ተፈትኖም ሊወድቅ ይችላል። የሚጠየቀው ነገር የሚያውቀውን እንደማያውቅ አድርገው እንዳይቈጥሩበት ብቻ ነው። የዲግሪን ክብር የሚያወርደው ሥራውን የማያውቅ ባለ ዲግሪ እንጂ ሥራውን ዐውቆ የተማረ ሠራተኛ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ድንጋዩን ማን ይጠርባል?» የሚል ነው። ይህም መሰላልን ካለመረዳት የመጣ ነው። መሰላል ስላለ ሁሉም ሰው ጣሪያ ላይ አይወጣም። ነገር ግን የታችኛው እርከን ወደ ላይ የሚያደርስ መሆኑ ከታወቀ፥ በታችኛው ላይ የቆመው ሰው ራሱን የተጣለ አድርጎ አያይም። የልጁም አባት «እንደ እኔ ይሁን?» ብሎ አይፈራም።

በአገራችንም መሰላሉ ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። የሙያ ደረጃዎች ወጥተዋል። በሥራ ብቻ የተማረ ሰው የብቃት ምዘና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሙያ ሥልጠና ስልት ይፈቅዳል። አራተኛውን ደረጃ ያለፈ ሠልጣኝ ወደ ዲግሪ ትምህርት የሚገባበትም ጠባብ በር አለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሙያ ሥልጠናው ሥራ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ናቸው። እኔን የሚያሠጋኝ በእነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ደጅ ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ሲደክሙ ሳለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሰው በመካከል እንዳይቀር ያስፈልጋል።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ጀምሮ ለማየት ከላሊበላ የሚሻል ቦታ አይገኝም። ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አምስቱ ከዝናብ እንዲጠለሉ በ2000 ዓ.ም. አራት ታላላቅ የብረት ጥላዎች ተተክለውላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ጥላ ድንጋይን አይጠግንም። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል በውጭ ርዳታ ሲጠገኑ የአካባቢው ሠራተኞች ሠልጥነው ነበር። ርዳታው ሲያልቅ የውጭው ሰው ወደ አገሩ ይሄዳል። ዕውቀቱ የሚቀረው በእነዚያ ሠራተኞች እጅ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጣው ወረርሽኝና ከእርሱ ቀጥሎ ጦርነቱ እንግዳውን ባስቀሩ ጊዜ፥ በእንግዳ ብቻ የሚተዳደር ከተማ ምን ያህል እንደሚራብ አይተናል። ድንጋይ የመጠገን ሙያ ግን እንግዳ መጣ አልመጣ አስፈላጊ ነው። ዝናቡ እንግዳ አይጠብቅምና።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ ሦስት ነገር ቢደረግ ይጠቅማል። መጀመሪያ፥ የላስታ ጠራቢዎች፥ ግንበኞችና አናጢዎች ምዘና በሥራው ቦታ፥ በአማርኛና በመሮ ይሁን። ድንጋዩን አንኳኵቶ የሚለይን ሰው «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክለኛውን ምረጥ» ብሎ በወረቀት መፈተን ዋናተኛን በየብስ እንደ መፈተን ነው። ሁለተኛ፥ ያለፈው ሰው የያዘው ደረጃ በክልሉ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ተቈጥሮለት፥ በቅርስ ጥገና ትምህርት የጐደለውን ብቻ ተምሮ ዲግሪ የሚደርስበት መንገድ ይሠራለት። ለዚህም በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎቹ ይልቅ ለላስታ ቅርብ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎቹ የተጻፈ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ዛሬ ደግሞ የሕንጻ ሥራ ተማሪ አንድ መንፈቅ በላስታ ጠራቢ ሥር ተማሪ ሆኖ ይሂድ። ነጥቡንም ጠራቢው ይስጠው፤ ለጠራቢውም እንደ አስተማሪ ይከፈለው። እኔ ራሴ ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። ዲግሪዬን ከያዝሁ ብዙ ጊዜ አልሆነኝም፤ ሆኖም በዩኒቨርሲቲ በቈየሁበት ዘመን ሁሉ ከእጁ ሥራ የተነሣ የሚያስተምር አንድ ሰው በፊቴ ቆሞ አላየሁም።

ከጠራቢው ጋር ስንለያይ መሮውን ሰጠኝና ድንጋዩን እንድሞክረው ነገረኝ። ሁለት ጊዜ መታሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ መሮው አዳለጠኝ። እርሱ አልሣቀም። እጄን ይዞ መሮው በድንጋዩ ላይ እንዴት እንደሚጋደም አሳየኝ፤ በሦስተኛው ስንጣሪዋ ተነሣች። ልጁ በስተኋላችን ቆሞ ያየን ነበር። አንድ ዲግሪ ያለው ሰው ከአባቱ ሲማር ያየው ምናልባት ያን ቀን የመጀመሪያው ይሆናል። ነገ ያ ልጅ መሮውን ያነሣ እንደሆነ፥ ወይም ጥሎት ወደ ከተማ ይሄድ እንደሆነ፥ የሚወስነው የአባቱ ምክር ብቻ አይደለም፤ እኛ የምንከፍትለት ወይም የምንዘጋበት በርም ነው። መላእክት ያልተጠየፉትን ሥራ እኛ ብንጠየፈው ዐለቱ አይጐዳም፤ የምንጐዳው እኛው ነን።